የሚሞተውን ሰው በጸሎት አታስጨንቁት

ውድ የኅብረታችን ወጣቶች፣

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሆስፒታል ገብታችሁ ሕሙማንን ትጠይቃላችሁ። መልካም ነው፤ ቀጥሉበት። ግን ብትቀየሙኝም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ካንሰሩ አጥንቱ ድረስ የዘለቀ ሰው አልጋ ዙሪያ አሥር ሆናችሁ ቆማችሁ፣ እየጮኻችሁ ሞትን ገሥጻችሁ፣ ስትወጡ «እምነት ብቻ ይኑርህ» ካላችሁት በሕመሙ ላይ ጥፋተኝነት ጨምራችሁበታል። «ያልዳንኩት እምነቴ ጎድሎ ነው» እያለ ያነጋል። ይህ አገልግሎት አይደለም።

«ጌታ አይፈውስም ነው የሚሉት?» ትሉኝ ይሆናል። አላልኩም። ይፈውሳል፤ እኔም ስለ ፈውስ እጸልያለሁ። ነገር ግን መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አንብቡ። የሞተውን ልጅ ያስነሣው ኤልሳዕ ራሱ ታሞ ሞተ (2ኛ ነገሥት 13)። ጳውሎስ ጥሮፊሞስን እንደ ታመመ በሚሊጢን ትቶት ሄደ (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20)። የእነዚህ ሰዎች እምነት ጎድሎ ነበር?

ሐኪሙ ሞርፊን ሲያዝም «ተስፋ ቆረጡ፤ ሊገድሉት ነው» ብላችሁ ቤተሰቡን አታሸብሩ። በሐኪም ትእዛዝ በልኩ የሚሰጥ ሞርፊን ሥቃይን ለማስታገሥ እንጂ ሞትን ለማፋጠን አይደለም። ይህን እንክብካቤ በዘመናችን መልክ ያስያዘችው ሲስሊ ሳንደርስ ክርስቲያን ነበረች፤ ነርስም ሐኪምም ሆና እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈተች። ሥቃይ የሥጋ ብቻ እንዳልሆነ፣ የነፍስም የኑሮም እንደሆነ ያስተማረችው እርሷ ናት። በአገራችንም ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ። አዲስ አበባ ግን ከአሶሳ ሩቅ ናት። እዚህ ሸክሙ የነርሷ፣ የአስታማሚውና የእናንተ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ። ቁጭ በሉ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አጠገቡ ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፤ የበደሉት አፋቸውን የከፈቱ ጊዜ ነው። ከንፈሩ ደርቆ እንደሆነ ነርሷን ጠይቃችሁ አርጥቡለት። ሌሊቱን ዓይኗን ያልከደነችውን አስታማሚ «እኛ አለን፤ ትንሽ ጋደም በዪ» በሏት። ከኩርሙክ ወይም ከሸርቆሌ የመጡ፣ አማርኛ የማይችሉ እናት ሕመማቸውን የሚናገሩበት አፍ ሲያጡ፣ የበርታን ቋንቋ የምትችሉ አስተርጉሙላቸው። ሃይማኖታቸው ሌላ ቢሆንስ? ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ያነሣው ሃይማኖቱን ጠይቆ አልነበረም።

ደግሞም «መሞቴ ነው» የሚለውን ሰው «ክፉ አታውራ» ብላችሁ አፉን አትዝጉበት። ሊታረቀው የሚፈልገው ወንድም ይኖረው ይሆናል። ያዕቆብ ልጆቹን ሰብስቦ የባረከው መሞቻው መድረሱን አውቆ ነው።

ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አስቀድሞ አለቀሰ። ማስነሣት የማንችለው እኛ ማልቀስን ለምን አፈርንበት? በሚመጣው እሁድ ጩኸታችሁን በር ላይ ትታችሁ ግቡ።