ሰበብና ምክንያት

በዛሬ ዘመን ኮሌጅ የገባ ተማሪ በድርሰት ትምህርት የምክንያትና የውጤት ድርሰት እንዲጽፍ ይታዘዛል። ትእዛዙ መልካም ነው፤ አንድ ነገር ከምን እንደ መጣና ወዴት እንደሚያደርስ መርምሮ መጻፍ የሊቃውንት ሥራ ነውና። ዳሩ ግን ተማሪው አይመረምርም። የድርሰቱ መልክ አስቀድሞ ተቀርጾ ይሰጠዋል፤ በመግቢያው ሦስት ምክንያት ይቈጥራል፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንቀጽ ያድላል፤ በመጨረሻም የቈጠረውን መልሶ ይቈጥራል። ምክንያት ሁልጊዜ ሦስት ይሆን ዘንድ ማን እንደ ፈረደበት የሚጠይቅ የለም። ስለ ደን መመናመን የሚጻፈውም ድርሰት በአምቦ ቢጻፍ በሐረር ቢጻፍ ቃሉ አይለወጥም፤ በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት ተቋቁሞ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በአምቦ የሚማር ልጅ፥ በጊንጪ አጠገብ ያለውን የጭሊሞን ደን ስሙን እንኳ ሳያነሣ ሊፈጽም ይችላል።

አንዳንዶች ለዚህ ጥፋት እንግሊዝኛን ይከሳሉ። ክሱ ጥቂት እውነት አለበት፤ በሰው ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ከማሰብ ይልቅ ከስሕተት ለመዳን ይደክማልና። ነገር ግን ያው ድርሰት በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ቢጻፍ ባዶነቱ አይሞላም። ጉድለቱ ሰበብን ከምክንያት አለመለየት ነው። በገበያ ንግግር ሁለቱ ቃላት ይቀላቀላሉ፤ «ምክንያት አታብዛ» የሚል ሰው ሰበብን ማለቱ ነው። በድርሰት ግን መቀላቀላቸው ነውር ነው።

የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ሲከፈት ይፈላል። «የፈላው ክዳኑ ስለ ተከፈተ ነው» የሚል ሰው አልዋሸም። ነገር ግን ተራ የወንዝ ውኃ በዚያው ጠርሙስ ተሞልቶ ቢከፈት ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። ምክንያቱ በውኃው ውስጥ ታምቆ ያለው ጋዝ ነው፤ የክዳኑ መከፈት ሰበብ ነው። ይህን ማንም የአምቦ ሕፃን በእጁ ሊፈትነው ይችላል፤ ኮሌጅ ሲገባ ግን ይረሳዋል።

የሰው ደም በፈሰሰበት ነገር ሲሆን መርሳቱ ይከብዳል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በጊንጪ፥ የደን ቦታና የትምህርት ቤት ኳስ ሜዳ ለባለ ገንዘብ ሊሰጥ ነው ተብሎ ተማሪዎች ተነሡ። ተቃውሞው ከከተማ ወደ ከተማ ተዛመተ፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣናቸውን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ። ይህን በተርታ የጻፈ ተማሪ የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት የሠራ ይመስለዋል። የሠራው የዘመን ቅደም ተከተል ነው። የጊንጪ ሜዳ ምክንያት ቢሆን ኖሮ፥ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአምቦ ተማሪዎች የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን ማስተር ፕላን ተቃውመው ሲወጡና ሰዎች ሲሞቱ፥ ያ ቍጣ ከወዴት መጣ? ልጅ ከአባቱ ቀድሞ አይወለድም።

«እንግዲያስ ምክንያቱ ማስተር ፕላኑ ነው» የሚል ይነሣል። ይህ ከፊተኛው ይሻላል፤ ነገር ግን እርሱም ይፈተን። ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ፤ ተቃውሞው ግን አልቆመም። ምክንያት የተባለው ተወግዶ ውጤቱ ከቀጠለ፥ ከሥሩ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ገበሬ በትንሽ ካሣ ከመሬቱ መነሣቱና ሕዝብ በገዛ ጉዳዩ አለመጠየቁ ከፕላኑ በፊት ነበሩ፤ ፕላኑ ሲሰረዝም አልተሰረዙም። ይህን ሳይለይ የተመረቀ ልጅ ነገ የወረዳ ሹም ወይም ዳኛ ይሆናል፤ ሁከት በተነሣ ቍጥር ክዳኑን ለመግጠም ይሮጣል።

መምህራኑ የሚያቀርቡት መከላከያ «ተማሪው ጀማሪ ነው፤ አስቀድሞ መልኩን ይያዝ» የሚል ነው። የቅኔ ተማሪም ጀማሪ ነው፤ መልክም አለው፤ ጉባኤ ቃናው ከሁለት ቤት አያልፍም። ነገር ግን ሌላው የተቀኘውን ይዞ ቢቀርብ መምህሩ ይመልሰዋል፤ በአገባብ ትምህርቱም «እስመ»ን ያለ ስፍራው ቢያገባ፥ ይኸውም ምክንያት ሳይኖር «ስለ» ቢል፥ ይታረማል። ሁለት ቤት ብቻ የሚቈጥር ልጅ ከዚህ ካልተማረ፥ አምስት አንቀጽ የሚጽፈው ስለ ምን ይማራል? የአምቦ መምህርም ሦስቱን ምክንያት ትቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ቢያዝዝ ይበቃል፤ ፕላኑ ከተሰረዘ በኋላ ተቃውሞው ስለ ምን አልቆመም? መልሱን የሚጽፈው ልጅ መጽሐፍ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ጊንጪ ወርዶ ሽማግሌዎቹን ይጠይቅ።