ማይክሮፎን ከመግዛትዎ በፊት

ከወር ደመወዝዎ ቆጥበው በቤትዎ ድምፅ መቅጃ ክፍል ሊያሰናዱ አስበዋል እንበል። ኮንደንሰር ማይክሮፎን ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ምሽት ቁጭ ብለው ክፍልዎን ያዳምጡ።

በኮንደንሰር ውስጥ እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን በአንድ የብረት ሰሌዳ ፊት ተወጥሯል፤ ድምፅ ሲነካው በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጥና ያ ለውጥ ወደ ኤሌክትሪክ ይመነዘራል። ሽፋኑ ቀላል ስለ ሆነ የከንፈርን ኮሽታ እንኳ አያልፍም። የጎረቤትን ዶሮም አያልፍም፤ በቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብም እንዲሁ። (በክረምት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያስተማረ ሰው ይህን አይጠራጠርም።)

ስለዚህ ክፍልዎ ጫጫታ የበዛበት ከሆነ፥ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራውን ሹር ኤስኤም 58ን የመሰለ ዳይናሚክ ይሻልዎታል፤ ገንዘብዎም ይተርፋል። ጸጥታ ካለዎት ግን በተለይ ከፊቱ የሚመጣውን የሚሰማ፥ ካርዲዮይድ የሚባለውን ኮንደንሰር ይምረጡ። የራሱን የውስጥ እሽታም ይጠይቁ፤ የኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ 2020 እሽታ 20 ዴሲቤል ሲሆን የዛሬው ሮድ ኤንቲ 1 ከ5 በታች ነው። ደግሞም አብዛኛው ኮንደንሰር 48 ቮልት ካላገኘ ዲዳ ነውና፥ ከኮምፒዩተር ጋራ የሚያገናኘው መሣሪያ ይህን መስጠቱን ያረጋግጡ።

ወፍራም ብርድ ልብስ ካለዎት ከማይክሮፎኑ ኋላ ሳይሆን ከራስዎ ጀርባ ይስቀሉት፤ ማይክሮፎኑ የሚመለከተው ወደዚያ ነውና።