ቹምቤ፦ እንግዳ በቁጥር የሚገባባት ደሴት

ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ዛንዚባር የገባ መንገደኛ ከስቶን ታውን በስተደቡብ በጀልባ ቢሻገር ቹምቤን ያገኛታል፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1904 ያቆሙት የመብራት ማማና ሰባት ማረፊያ ጎጆዎች ያሏት ትንሽ ደሴት። ሌላ ቦታ ብትሆን ባለ ብዙ ፎቅ ሆቴል፣ ከጎኑም ሙዚቃ የሚያስጮህ መጠጥ ቤት በተተከለባት ነበር! እዚህ ግን የዝናብ ውኃ ከጣሪያ ተጠራቅሞ ከወለል ሥር ይቀመጣል፣ መብራቱ ከፀሐይ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱም ውኃ አይለቀቅበትም። ዋጋው አይቀመስም የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ለማየት ግን መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ፊትን ውኃ ውስጥ መንከር ይበቃል። በደሴቲቱ ዳር ባለው ኮራል መሐል ከ400 በላይ የዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ በቀቀን ዓሣ በመንቁር መሳይ አፉ ድንጋዩን ሲቆረጥም ድምፁ ለዋናተኛው ጆሮ ይደርሳል። ይህ ሁሉ የተረፈው እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ዓሣ ማስገር ስለተከለከለ ነው። ጠባቂ ሆነው የሠለጠኑት ደግሞ የቀድሞ አስጋሪዎች መሆናቸው ከሁሉም የላቀው ብልሃት ነው፤ ሕግ አስከባሪና ጎረቤት አንድ ሰው ሲሆን ጠቡ ይቀንሳላ። በዛንዚባር ሰሜን ምሥራቅ ባለችው ምኔምባ ደሴት ጀልባ ከጀልባ ሲጋፋ ያየ ሰው የቹምቤን የእንግዳ ቁጥር ገደብ ኩራት ነው አይለውም። የዛንዚባር ተማሪዎች ለትምህርት እንዲመጡ ባይደረግ ኖሮ ግን ደሴቲቱ የባለ ዶላሮች ብቻ ሆና በቀረች ነበር። ገደቡ የማያቆመው አንድ እንግዳም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2016 የባሕሩ ሙቀት ሲጨምር የቹምቤም ኮራል ነጥቷል።