የሸጡትን በሬ በገመድ ስለ መያዝ

አንድ ሰው በሬውን ወደ ገበያ ነድቶ ቢሸጥ፥ ዋጋውንም ቈጥሮ ከተቀበለ በኋላ የገመዱን ጫፍ ሳይለቅ «በሬው ያንተ ነው፤ የሚጠመድበትን ቀንበር የምመርጠው ግን እኔ ነኝ» ቢል፥ ገበያተኛው ምን የሚለው ይመስላችኋል? የይፋግ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብሎ የሚያልፍ አይመስለኝም። ይፋግ በ19ኛው መቶ ዓመት፥ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፥ አሞሌ የጫነ ሲራራ ነጋዴ የሚገናኝባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። በዚያ ዘመን ነጋዴ በየኬላው ቀረጥ ይከፍል ነበር፤ ዋጋውን ከፍሎ የተረከበው ዕቃ ግን የራሱ ነበር። የሸጠለት ሰው ሌሊት ቤቱ ገብቶ ዕቃውን ቢለውጥበት፥ ስሙ ሌባ ይባል ነበር እንጂ ነጋዴ አይባልም ነበር።

ዛሬ ይህንኑ ሥራ በኪሳችን በያዝነው ስልክ ላይ ሲያደርጉት ግን «አፕዴት ነው» ተብሎ ይታለፋል። በዚህ ጽሑፍ የምቃወመው ይህን ነው። የምነሣበትም ነገር ትንሽ የሚመስል፥ ይኸውም ስልክ ሲጠራ የሚያሰማው ድምፅ ነው። «ለስልክ ጩኸት ይህን ያህል ወረቀት ማበላሸት ምን ይጠቅማል?» የሚል ወጣት ቢኖር፥ ጥቂት ታግሦ ያንብብልኝ።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ገበሬ አሉ። ፊደል አልቈጠሩም። ባሕር ዳር ተቀምጣ የምትሠራው ልጃቸው ስማርት ስልክ ገዝታ አመጣችላቸውና፥ የሚደውልላቸውን ሰው ለይተው እንዲያውቁ ለእያንዳንዱ ዘመድ የተለየ የጥሪ ድምፅ አደረገችላቸው። ለራሷ፥ እናቷ በሕይወት ሳሉ እንጀራ ሲጋግሩ ያንጐራጕሩት የነበረውንና በስልክ ቀድታ ያስቀመጠችውን ዜማ መረጠች፤ ጎንደር ላለው ወንድሟ ማሲንቆ ሰጠችው፤ ለእኔም የትምህርት ቤት ደወል ደረሰኝ። የማይታወቅ ሰው ሲደውል የሚሰማው የፋብሪካው ድምፅ ነበር። «ሽልማት ደርሶዎታል» እያለ በስልክ የሚያታልል ሌባ ስለ በዛም፥ «አባ፥ በዚህ ድምፅ ሲጠራ አያንሡ» ብላ አስጠነቀቀቻቸው።

ከዕለታት አንድ ቀን ሌሊት ስልኩ የአምራቹን ማሻሻያ ተቀበለ። በማግሥቱ ዜማውም፥ ማሲንቆውም፥ ደወሉም ጠፍተው ስልኩ ለሁሉም በአንድ ድምፅ ይጮኽ ጀመር። አዛውንቱም በልጃቸው ምክር መሠረት ሳያነሡ ቀሩ። እኔ በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ነበርሁና ሄዶ የሚያይላት ሰው አላገኘችም። ሦስት ቀን ደውላ መልስ ብታጣ፥ አባቴ ሞቷል ብላ፥ ከሥራዋም ሳታስፈቅድ በመጀመሪያው መኪና ተሳፍራ እያለቀሰች መጣች። ያገኘቻቸው አውድማ ላይ ሩዝ ሲያበራዩ ነበር። እኔ ስመለስ አዛውንቱ ስልኩን በመዳፋቸው ይዘው መጡና «መምህር፥ ይህ ነገር ልጆቼን ረሳቸው» አሉኝ።

ስልኩን ወደ ሞባይል ጠጋኝ ወሰድሁት። ጠጋኙ ወጣት ብዙ ከነካካ በኋላ፥ አዲሱ ሶፍትዌር ከውጭ የገባ ድምፅ እንደማይቀበል፥ ለየሰዉም የተለየ ድምፅ መስጠትን እንዳስቀረ ነገረኝ። «ማን አዘዘ?» ብለው፥ «አፕዴት ነዋ፥ ጋሼ!» አለኝ። በልጅነቴ ሰው ያጠፋውን ጥፋት ለመሸፈን «የእግዜር ቁጣ ነው» ሲባል እሰማ ነበር። ዛሬ በዚያ ምትክ «አፕዴት ነው» ተተክቷል። አፕዴት ግን ከሰማይ አይወርድም፤ ስምና ደመወዝ ያለው ሰው በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የሚወስነው ነው።

እኔ ዕድሜዬን ሀሁ ሳስቈጥር የኖርሁ ነኝና ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ለእኒያ አዛውንት የጥሪው ድምፅ ጌጥ አልነበረም፤ ፊደል ነበር። በዜማው የልጃቸውን ስም ያነቡ ነበር። ያንን የሰረዘው ሰው ምናልባት ጨካኝ አይደለም፤ ይፋግ የምትባል አገር መኖሯንም አያውቅ ይሆናል። ጥፋቱ ሳይጠይቅ መሰረዙ ነው። የማያውቁትን ሰው ቤት ዕቃ ከመንካት በፊት መጠየቅ ደግሞ ሕፃን እንኳ የሚማረው ጨዋነት ነው።

ይህ በእኛ ቀበሌ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። እኛ ሁለት ሺህ ዓመትን ለመቀበል በምንሰናዳበት ሰሞን፥ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2007፥ የአፕል ኩባንያ ለአይፎን የጥሪ ድምፅ መሸጥ ጀመረ። አንድ ዘፈን በ99 ሳንቲም የገዛ ሰው፥ የዚያኑ ዘፈን ቁራጭ ለስልኩ ጥሪ ለማድረግ ሌላ 99 ሳንቲም እንዲከፍል ተጠየቀ። ደንበኞች ግን የፋይሉን ስም በመለወጥ ብቻ ያለ ክፍያ የሚሠራበትን መንገድ አገኙ። ቀናት ሳያልፉ አይቱንስ የተባለው ፕሮግራም አዲስ ማሻሻያ ወጣና ያንን መንገድ ዘጋው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያ ማሻሻያ በዚህ ረገድ ለገዢው ምን አሻሻለለት? በአገራችን ቋንቋ ይህ ኬላ መትከል እንጂ ማሻሻል አይባልም።

ደግሞም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ያው ኩባንያ በ17ኛው የአይፎን ሶፍትዌር የቀድሞውን የማስታወቂያ ድምፅ በሌላ ለወጠው፤ ብዙ ሰዎችም አዲሱ ድምፅ አይሰማንም፥ መልሰንም ልንለውጠው አልቻልንም ብለው ጮኹ። ጩኸታቸው ከንቱ አልቀረም፤ በዚያው ዓመት በዲሴምበር የወጣው ማሻሻያ የመምረጥን ሥልጣን መለሰላቸው። የአይፎን ባለቤትም በእጁ ያለውን ድምፅ ያለ ኮምፒዩተርና ያለ ሌላ ፕሮግራም በቀጥታ የጥሪ ድምፅ ለማድረግ የቻለው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። ከ2007 እስከ 2025 ዐሥራ ስምንት ዓመት ነው! ስለዚህ ነገሩ ከመጀመሪያውም የማይቻል ሆኖ ሳይሆን ሳይፈቀድ የቀረ ነበር።

ይህን ልማድ በትንሹ ካልተቃወሙት ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት ለምትወዱ፥ ስለ መጻሕፍት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2009 የአማዞን ኩባንያ ኪንድል በሚባለው የንባብ መሣሪያ ከሸጣቸው መጻሕፍት መካከል የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት ድርሰቶች፥ የሸጣቸው አካል መብት አልነበረውም በማለት፥ ከገዢዎቹ መሣሪያ ላይ ከሩቅ ሆኖ አጠፋቸው። ገንዘባቸውን መለሰ፤ የኩባንያው መሪም በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ነገር ግን መጽሐፉን ከራስጌው አስቀምጦ የተኛ ሰው ሲነቃ አላገኘውም። ዛሬ የእናትን ዜማ ከስልክ የሚያጠፋ እጅ፥ ነገ መጽሐፍን ከመደርደሪያ ሊያነሣ ይችላል ማለት ነው።

ሻጮች ለዚህ ሁሉ መልስ አላቸው፤ ሳልሰማቸው ብፈርድ ግፍ ይሆንብኛል። አንደኛው መልሳቸው «ማሻሻያ ከሌባ ይጠብቃችኋል» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ጭምር ሲያውክ፥ መድኃኒቱ ከሁለት ወር በፊት በማሻሻያ ወጥቶ ነበር፤ የተጐዱትም ያልተቀበሉት ነበሩ። እንግዲህ ማሻሻያ አትቀበሉ ብዬ የምመክር ሞኝ አይደለሁም። ነገር ግን የበሬን ቍስል ማከም ሌላ፥ የበሬን ቀንበር መለወጥ ሌላ ነው። በአንድ ጥቅል አስረው «መድኃኒቱን ከፈለግህ ይህንንም ዋጥ» ማለታቸው ነው በደሉ።

ሁለተኛው መልሳቸው «ስልኩን ሸጥንልህ እንጂ ሶፍትዌሩን አልሸጥንልህም፤ እንድትገለገልበት ብቻ ፈቀድንልህ፤ አንተም እስማማለሁ ብለህ ተጭነሃል» የሚል ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1204፥ ባለሀብትነት በግዙፍ ነገር ላይ ሊኖር ከሚችለው መብት ሁሉ የሰፋው መሆኑን ይደነግጋል። ሕጉ የተጻፈው ስልክ በግድግዳ ላይ በተሰቀለበት ዘመን ስለ ሆነ፥ ስለ ሶፍትዌር አያውቅም ይሉኝ ይሆናል። ይሁን። ግን ገዢው ሱቅ በገባ ጊዜ «ግማሹን ትገዛለህ፥ ግማሹን ትዋሳለህ» ብሎ የነገረው ማን ነው? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፥ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። በማያነበው ቋንቋ፥ በደቃቅ ጽሑፍ፥ በብዙ ገጽ የቀረበ ውል በቂ መረጃ ነው የሚል ካለ፥ እርሱ ራሱ አንብቦት እንደ ሆነ ይጠየቅ።

ወጣቶች ሆይ፥ እስካሁን ሻጩን ወቀስሁ፤ አሁን ወደ እናንተ እመለሳለሁ። እናንተ ያነበባችሁና የተማራችሁ ሆናችሁ ሳለ፥ «እስማማለሁ» የሚለውን ቃል እንደ ዝንብ ማባረሪያ ትጫኑታላችሁ። ስምምነት ግን የሰው ቃል ነው፤ አባቶቻችን ለቃላቸው ሲሉ ብዙ ተቸግረዋል። ሳያነቡ «እሺ» ማለት የለመደ አንደበት፥ ነገ በቤት ኪራይ ውል፥ በሥራ ውል፥ በባንክ ብድርም እንዲሁ «እሺ» ይላል። ስለዚህ ማንበብ ከቻላችሁ አንብቡ፤ ከመቀበላችሁ በፊት ምን እንደሚለወጥ ጠይቁ፤ የምትወዱትን ድምፅና ሥዕል በሌላ ቦታ ቅጂ አስቀምጡ፤ የማያነቡ ወላጆች ካሏችሁም ማሻሻያው በራሱ ሌሊት እንዳይገባ ስልኩ የሚፈቅድ ከሆነ ዝጉላቸው፥ መጥታችሁም በቀን፥ በዓይናቸው ፊት ተቀበሉላቸው። ስትበደሉም ለአምራቹ ጻፉ። ዝም አይነቅዝም ቢባልም፥ ከላይ እንዳያችሁት ድምፃቸው የተመለሰላቸው የጮኹት ናቸው።

ከእናንተም መካከል ነገ ፕሮግራም የሚጽፍ፥ ስልክ የሚገጣጥም፥ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጥ ይኖራል። ያን ቀን አንድ መሥመር ከመሰረዛችሁ በፊት «ይህን ይዞ የሚኖር ሰው ይኖር ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚጠገነውን ከሚወሰደው ለዩ። የሚወሰድ ነገር ካለም በሰውየው ቋንቋ አስቀድማችሁ ንገሩት፥ ወደ ቀድሞው የሚመለስበትንም በር ክፈቱለት። ይህ ከፍ ያለ ጥበብ አይጠይቅም፤ የገበያ ሐቀኝነት ይበቃዋል።

ጎረቤቴ ስልኩን አልጣሉትም፤ ልጆቻቸው ያሉት በርሱ ውስጥ ነውና። አሁን ልጆቹ ተስማምተው፥ ማታ ከብት ከገባ በኋላ፥ መጀመሪያ ሴቲቱ ቀጥሎም ወንዱ ይደውላሉ። አዛውንቱም በዚያ ሰዓት ስልኩን ጭናቸው ላይ አኑረው በደጃፋቸው ይጠብቃሉ። ከዚያ ሰዓት ውጭ የሚጮኽ ጥሪ ግን ከሌባ ይሁን ከልጅ፥ የደስታ ይሁን የመርዶ፥ ለይተው አያውቁም። ዋጋው የተከፈለበት ስልክ በእጃቸው ነው፤ የገመዱ ጫፍ ግን አሁንም በሻጩ እጅ ነው።