ከዶሮዋ በፊት መኖዋ ይታሰብ

በመራዊም ሆነ በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬም ሆነ በዙሪያው ባለው የጐጃም ገጠር ዶሮ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። የእህሉና የከብቱ ገንዘብ በባል እጅ ሲያልፍ፥ የዕንቁላሉ ገንዘብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የእመቤቲቱ ነው። ጨውና ዘይት የሚገዛው፥ የልጆች ደብተርና እርሳስ የሚሟላው በዚሁ ስለ ሆነ የዶሮ ነገር እንደ ቀላል ሊታይ አይገባም።

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ስለ ተሻሻሉ ዝርያዎች ብዙ ተነግሯል። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ያህል ዕንቁላል ስትጥል፥ የተሻሻለችው በሚገባ ከተያዘች ከ200 በላይ ልትጥል ትችላለች። ነገር ግን ብዙ ሰው ቄቧን በውድ ዋጋ ከገዛ በኋላ እንደ አገሩ ዶሮ ጭራ ትብላ ብሎ ይለቃታል፤ ዕንቁላሉ ሲጠፋም ዝርያዋን ያማል። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

አንዲት ዕንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ትፈልጋለች። 5 ዶሮዎች በወር 18 ኪሎ ይበላሉ ማለት ነው። ከዚህ ግማሹ በቆሎ ቢሆን ለዓመቱ የሚያስፈልገው ከ1 ኩንታል ጥቂት የሚበልጥ ነው። በቆሎ በሚበቅልበት በሜጫና በቡሬ አገር ይህን ያህል ማግኘት ከባድ አይደለም። ችግሩ ጎተራው ሲሞላ የዶሮዋን ድርሻ የሚለይላት አለመኖሩ ነው። እንግዲህ ባል የሆነ ሁሉ በአጨዳው ጊዜ ይህችን ኩንታል ለሚስቱ ለይቶ ቢሰጥ፥ ገንዘቡ ተመልሶ የሚገባው ከራሱ ቤት ነው።

በቆሎ ብቻውን ግን ዶሮን ያሰባታል እንጂ አያስጥላትም። የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ሊደባለቅበት፥ ለቅርፊቱም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም ተቆልቶ የደቀቀ የዕንቁላል ቅርፊት ሊጨመርበት ይገባል። ጎመንና ሌላም ቅጠል ይረዳታል። ለሰው አይሆንም ተብሎ የሚጣልላት የሻገተ በቆሎ ግን ጉበቷን የሚጎዳ መርዝ ስላለበት ፈጽሞ አይሰጣት። ንጹሕ ውሃም ቀኑን ሙሉ ከፊቷ አይለይ፤ ውሃ የጠማት ዶሮ መብላቷንም መጣሏንም ትተዋለች።

የበላችውን ዶሮ የሚነጥቀን ደግሞ ፈንግል ነው። ይህ በሽታ ከገባ በጥቂት ቀን ቤቱን ባዶ ያስቀራል፤ መድኃኒትም የለውም። መከላከያው ክትባት ሲሆን፥ እርሱም እዚሁ በአገራችን በቢሾፍቱ ከተማ ይሠራል። የታመመችን ስለማያድን አስቀድሞ መስጠት፥ የእንስሳት ሐኪሙ እንደሚያዘውም በየጥቂት ወሩ መድገም ያስፈልጋል። የጎረቤት ዶሮ አብራ ስለምትጭር መንደሩ በአንድ ቀን ቢያስከትብ ይበጃል። የታመመችውንም ቶሎ ብሎ ወደ ገበያ ማውጣት በሽታውን ለሌላው ወገን መሸጥ ነው።

በዐቢይ ጾም ፈላጊ ሲጠፋ የዕንቁላል ዋጋ ይወድቃል፤ ዶሮዋ ግን አትጾምም። ስለዚህ የጾሙን መኖ ከጥምቀት በፊት ማዘጋጀት ያሻል። ያን ጊዜ የሚተርፈውም ዕንቁላል ጾም የማይያዝባቸው ሕፃናት ቢመገቡት ከገበያው የሚበልጥ ትርፍ ነው።

10 ዶሮ ገዝቶ ከማስራብ 5ቱን ማጥገብ ይሻላል። ይህም የማይቻለው ሰው የአገሩን ዶሮ ይዞ፥ ማታ ማታ አንድ እፍኝ እህል እየጨመረና እያስከተበ ቢኖር አይከስርም። የተሻሻለ ዝርያ የሚያከፋፍሉ ሁሉም ጫጩት ከማደላቸው በፊት መኖውን ከየት ታገኛላችሁ ብለው እንዲጠይቁ እናሳስባለን።