የጆይስቲኩ ዕዳ በማን ሒሳብ ይመዝገብ?

በእጅ ተይዞ በሚሠራ የጌም መሣሪያ ንግድ ውስጥ ከስክሪኑና ከባትሪው ይልቅ ዋጋ የሚያበላሸው አውራ ጣት የሚያርፍበት ትንሽ ዘንግ ነው። ጆይስቲክ ይባላል። ማንም ሳይነካው በስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋች ወደ አንድ ጎን መሄድ ከጀመረ፣ ጠጋኞች «ድሪፍት» የሚሉት ብልሽት ደርሷል ማለት ነው። መሣሪያው ይበራል፤ ድምፁ ይወጣል፤ ካርቶኑም አልተቀደደም። ለጨዋታ ግን አይሆንም። ሻጭና ገዢ የሚካሰሱት፣ ደላላም ኮሚሽኑን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩ የልጆች መጫወቻ ወሬ የሚመስለው ነጋዴ ቁጥሩን ይመልከት። የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ «ስዊች» የተባለውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ለገበያ ሲያቀርብ የአሜሪካ ዋጋው 300 ዶላር ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሸጠው ከ150 ሚሊዮን በላይ ነው። በግራና በቀኝ የሚሰኩት «ጆይ-ኮን» የተባሉት መቆጣጠሪያዎች ደግሞ ጥንዱ በአሜሪካ 80 ዶላር ያህል ሲሸጥ ቆይቷል። ጆይስቲኩ በተበላሸ ቁጥር አዲስ ጥንድ የሚገዛ ሰው፣ በአራተኛው ግዥ የመሣሪያውን ሙሉ ዋጋ ደግሞ ከፈለ ማለት ነው።

ብልሽቱና ፈውሱ

በጆይስቲኩ ሆድ ውስጥ ካርቦን የተቀባ ቀጭን መንገድ አለ። በላዩ ላይ ትንሽ ብረት ይንሸራተታል። ብረቱ የቆመበት ቦታ የኤሌክትሪኩን መጠን ይለውጣል፤ መሣሪያውም ጣት ወዴት እንደገፋ የሚያውቀው በዚህ ነው። ክፍሉ ፖቴንሺዮሜትር ይባላል። አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ የአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ሲዞር የሚንኮሻኮሸውም የዚሁ ዘመድ ስለሆነ ነው። ብረቱ ካርቦኑን ሲፍቅ ይኖራል፤ ፍቅፋቂው ይከማቻል፤ መንገዱ ይሳሳል። በመጨረሻም ዘንጉ መሀል ላይ ቆሞ ሳለ መሣሪያው እንደተገፋ አድርጎ ያነበዋል።

መፍትሔው ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ወጪ የለውም፤ በመሣሪያው ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ የዘንጉን መሀል እንደገና ማስመዝገብ ነው። ሁለተኛው ማጽዳት ነው፤ ከዘንጉ ሥር ያለውን ሽፋን ገለጥ አድርጎ ለኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሆን ማጽጃ መርጨት። ሦስተኛው ጆይስቲኩን መለወጥ ነው። በጆይ-ኮን ላይ ይህ ሥራ ብየዳ አይጠይቅም። ለባለ ሦስት ጥርስ ብሎን የሚሆን መፍቻ፣ የባትሪውን ገመድ አስቀድሞ መንቀል፣ ከዚያም ቀጫጭኖቹን ጠፍጣፋ ገመዶች ሳይበጥስ የሚያነሳ የረጋ እጅ ይበቃል።

ችግሩ አቧራ ብቻ ከሆነ ማጽዳት ይበቃል። ካርቦኑ ካለቀ ግን ማጽጃ ያለቀውን አይመልስም፤ ለጥቂት ቀናት ይደብቀዋል እንጂ። እንግዲህ ጠዋት ረጭቶ ከሰዓት በኋላ «እንከን የለውም» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ መልሶ መኪና ከሚሸጠው በምን ይለያል? ያለቀ ዕቃ ዕዳ ነው። ዕዳውን ሸፍኖ ማስተላለፍ ደግሞ ትርፍ አይባልም፤ ከሌላ ሰው ኪስ መበደር ነው።

አምራቹ መቼ ከፈለ?

ዕዳውን መጀመሪያ ያስተላለፈው ግን የሠፈር ነጋዴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 አሜሪካውያን ገዢዎች በዋሽንግተን ስቴት በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት በኒንቴንዶ ላይ የቡድን ክስ መሠረቱ። በዚያው ወር ኩባንያው በአሜሪካ ጆይ-ኮኖችን ያለ ክፍያ እንዲጠግኑ ለአገልግሎት ሠራተኞቹ መመሪያ መስጠቱ ተዘገበ። ክሱ ግን በ2020 ወደ ግልግል ዳኝነት ተመራ። ምክንያቱም ገዢዎች ተጠቃሚ ሲሆኑ የሚስማሙበት ውል እንዲህ ያለው ክርክር በግልግል እንዲታይ የሚል አንቀጽ ነበረው። ውል ሳያነብ የሚፈርም ነጋዴ ከዚህ የሚማረው አያጣም። በጁን 2020 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሹንታሮ ፉሩካዋ በባለአክሲዮኖች ፊት ይቅርታ ጠየቁ፤ ክስ ስላለ ዝርዝር ውስጥ አልገባም አሉ።

በአውሮፓ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የሸማቾች ማኅበራት ቅሬታ ሰበሰቡ፤ ቁጥሩ 25,000 ገደማ ደረሰ። በጃንዋሪ 2021 የማኅበራቱ ኅብረት አቤቱታውን ለአውሮፓ ኮሚሽን አቀረበ። ቅሬታ ካቀረቡት 88 በመቶ የሚሆኑት መቆጣጠሪያቸው በሁለት ዓመት ውስጥ እንደተበላሸ ተናግረዋል። በ2023 ኒንቴንዶ በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና፣ በብሪታንያና በስዊዘርላንድ የዋስትና ጊዜው ያለፈውን ጆይ-ኮን ጭምር ከድሪፍት በነፃ ለመጠገን ተስማማ። ይቅርታው ለገዢው ምንም አላመጣለትም፤ ሒሳቡን ያስለወጠው ተደራጅቶ መጠየቅ ነው።

የአምራቹ ወገን መከራከሪያ አለው። የሚፋተግ ነገር ሁሉ ያልቃል፤ የመኪና ጎማም ያልቃል ይላል። ፖቴንሺዮሜትር ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ባትሪም አይፈጅም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጎማ ያለቀበት ሰው በየመንገዱ ያስለውጣል እንጂ መኪናውን ወደ ፋብሪካ አይልክም። በ2019 በ200 ዶላር የወጣው «ስዊች ላይት» መቆጣጠሪያው ከገላው ጋር አንድ ላይ ስለተሠራ፣ ለአንድ ዘንግ ሲባል መሣሪያው በሙሉ መከፈት ወይም መላክ አለበት። ያልቃል ተብሎ የሚታወቅን ክፍል ለመለወጥ አስቸጋሪ ማድረግ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን የንግድ ውሳኔ ነው።

ሌላ ውሳኔ እንደሚቻል ማስረጃው ገበያው ላይ አለ። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2022 «ስቲም ዴክ»ን ሲያወጣ፣ ጆይስቲኩን ጨምሮ መለዋወጫው በአይፊክሲት በኩል ለማንም እንዲሸጥ፣ የአጠጋገኑም መመሪያ እንዲታተም አደረገ። ከዚህም ሌላ ብረትና ካርቦን ሳይነካኩ በማግኔት የሚሠራ «ሆል ኢፌክት» የሚባል ጆይስቲክ አለ። ሴጋ በ1998 በጃፓን ባወጣው «ድሪምካስት» ላይ ተጠቅሞበታል፤ ሌኖቮም በ2023 በወጣው «ሌጅን ጎ» ላይ ገጥሞታል። ጉሊኪት የተባለው የቻይና ኩባንያ ደግሞ ለጆይ-ኮንና ለስቲም ዴክ የሚሆን ምትክ ሠርቶ ይሸጣል። በጁን 2025 በአሜሪካ በ450 ዶላር የወጣው «ስዊች 2» ግን ይህን ዓይነት ጆይስቲክ አልያዘም። ኩባንያው ዘንጉን እንደ አዲስ ነድፌዋለሁ ቢልም፣ አይፊክሲት ፈትቶ ሲያየው ያገኘው ያንኑ ፖቴንሺዮሜትር ነው።

ዕዳው ድንበር ሲሻገር

አውሮፓዊው ገዢ ያገኘው ነፃ ጥገና ኢትዮጵያን አይጨምርም። ከዱባይም ሆነ ከዋሽንግተን በሻንጣ ተይዞ አዲስ አበባ የሚገባ መሣሪያ ያንን መብት ይዞ አይመጣም። ስለዚህ እዚህ ዕዳውን የሚሸከመው የመጨረሻው ገዢ ነው፤ ዋጋውም ይህን ማሳየት አለበት።

ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ስክሪኑ ላይ ጭረት ከመፈለጉ በፊት የጆይስቲኩን መሞከሪያ ገጽ ይክፈት። ዘንጉን በየአቅጣጫው ደጋግሞ ይግፋና ይልቀቅ፤ ምልክቱ በእያንዳንዱ ጊዜ ወደ መሀል ካልተመለሰ የአዲስ ጆይስቲክንና የጠጋኝን ዋጋ ከሒሳቡ ይቀንስ። ሙከራው በሰላም ቢያልፍም ማጽጃ ለጊዜው እንደሚያታልል አይርሳ፤ ከሻጩ የአንድ ወር የጽሑፍ ዋስትና ይጠይቅ። በብዛት የሚያስመጣ ነጋዴ ደግሞ ከመሣሪያው ጋር ምትክ ጆይስቲክ አብሮ ያስመጣ። ለውጦ «ለውጫለሁ፣ ይህን ገጥሜያለሁ» ብሎ በግልጽ የሚሸጥ ሰው ጥቂት ጨምሮ ቢጠይቅ ዋጋው ነው፤ ደንበኛውም ተመልሶ ይመጣል።

ደላላም ቢሆን ከዚህ ሒሳብ ውጭ አይደለም። መሣሪያውን አብርቶ ማሳየት ሥራው ነው፤ ዘንጉ ተለቆ መሀል ላይ ሲቆም ማሳየት ግን ኮሚሽኑን የሚያስገባለት ነው። ጃፓን ላይ ሳይከፈል የቀረ ዕዳ መርካቶ ላይ መጠየቁ አይቀርም፤ ከመሸጡ በፊት የተናገረው ነጋዴ በቅናሽ ይከፍለዋል፤ የደበቀው ግን በስሙ ይከፍለዋል።