ሳይፈታ የሚፈረድበት ዲፈረንሻል

ይድረስ ከሮቢት እስከ ዋጃ በመንገዱ ዳር ጋራዥ ለከፈታችሁ መካኒኮች

ወንድሞቼ፣ የማሽላው አጨዳ ደርሶ ሁላችንም ጭነት ላይ ከመዋላችን በፊት ይህን ልጽፍላችሁ ፈለግሁ። እጃችሁን አልነቅፍም። መንገዱ በጦርነት ተዘግቶ መለዋወጫ በጠፋበት ጊዜ እንኳ ከዚያም ከዚህም አሰባስባችሁ መኪና ስታስነሡ አይቻለሁ። ቅሬታዬ ከእጃችሁ በሚቀድመው ፍርድ ላይ ነው። የኋላ ዲፈረንሻል ጮኸ ሲባል፣ ገና ሳይፈታና ሳይለካ፣ ከመኪናው ሥር እንኳ ሳትገቡ «ይበየዳል» ወይም «ይቀየራል» ትላላችሁ።

በምን እንደምትፈርዱም አውቀዋለሁ፤ በዕቃው ዋጋ ነው። ርካሹ ይቀየራል፣ ውዱ ይጠገናል። ኦይል ሲልና ኩሽኔታ ይጣላሉ፣ አክስልና ኮሮና ይበየዳሉ። መጠየቅ የነበረበት ግን ዕቃው ምን ይሠራል፣ መንገድ ላይ ቢሰበርስ ምን ያመጣል የሚለው ነበር።

አክስሉን እንይ፤ ከዲፈረንሻሉ ወጥቶ ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ። ተሰብሮ የተበየደ አክስል ቶርኖ ቤት ገብቶ ሲወጣ ያምራል፤ የት ጋ እንደተቀጠለ እንኳ አይለይም። ዘንጉ ግን ፋብሪካ ውስጥ በእሳት ጠንክሮ የወጣ ብረት ነው። የብየዳው ሙቀት ያን ጥንካሬ ያበላሸዋል፤ ከስፌቱ ግራና ቀኝ ያለው ብረት አንዱ ቦታ ይለሰልሳል፣ ሌላው ቦታ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። በቆቦ ሜዳ ባዶውን ሲነዳ ምንም አይል ይሆናል። ከአላማጣ ወደ ኮረም ግራ ካሱን ስንወጣ ግን መኪናው ከነጭነቱ ወደ 1000 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣል። ፈተናው እዚያ ነው፤ የባሰው ደግሞ ቁልቁለቱ ነው።

ለምን ይብሳል? ብዙዎቻችን የምንነዳው አይሱዙ ኤን ፒ አር የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮው ኋላ ካርዳኑን ነው። አንዱ አክስል ሲሰበር ጎማው አይወልቅም፤ ክብደቱን የሚሸከመው የአክስሉ ቤት ነውና። ነገር ግን ዲፈረንሻሉ የመጣለትን ኃይል ሁሉ ተቃውሞ በሌለበት በተሰበረው በኩል ስለሚለቀው፣ ማርሽ የገባለት መኪና ፎሌ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ሞተሩ አይዘው፣ የእጅ ፍሬኑ አይዘው። የሚቀረው የእግር ፍሬን ብቻ ነው፣ ከታች ደግሞ የአላማጣ ሕዝብ አለ። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ባለመኪናው እግሩ ላይ ቢወድቅም «ለጊዜው ይበየድልህ» ሊለው አይገባም።

ኮሮናና ፒኞንም እንዲሁ ናቸው። ፋብሪካው ሁለቱን አፋጭቶ፣ አስማምቶ በጥንድ ያወጣቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ጥንድነታቸው እንዲታወቅ በሁለቱም ላይ አንድ ቁጥር ይቀረጽባቸዋል። በሐምሌ 2016 የምንዛሬው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር መቶን ሲያልፍ የመለዋወጫውም ዋጋ አብሮ ሄደ። ስለዚህ የተበላውን ፒኞን ብቻ ጥሎ፣ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ አስመጥቶ ከድሮው ኮሮና ጋር ማጋባት ብልሃት መስሎ ታየ። ጥርሱ ይገጥማል፣ መኪናውም ይሄዳል። ግን አንዱ የሌላውን ጥርስ ይበላል፣ ዘይቱ የብረት ብናኝ ይሞላል፣ ብናኙም ደህና የነበረውን ኩሽኔታ ይጨርሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ሳያስፈልግ የምታስጥሉን አለ። መኪናው ሲነሣ «ቋ» ያለ እንደሆነ ዲፈረንሻል ታወርዳላችሁ፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የካርዳኑ ክሮቸራ ሆኖ ይገኛል። በእኔም ደርሷል፤ ጋራዡን ስሙን አልጠራም። የኋላ ኦይል ሲል እያፈሰሰ የፍሬን ሸራዬን ያበላሻል፤ ሲቀየርም ብዙ ሳይቆይ ዳግም ያፈሳል። «ዕቃው ኦሪጅናል አይደለም» ተባልኩ። በመጨረሻ አንድ ወጣት መካኒክ ኦይል ሲሉን ከመንካቱ በፊት ወደ ዲፈረንሻሉ አናት እጁን ሰደደና ትንሿን መተንፈሻ በሽቦ ወጋ ወጋ አደረጋት። የራያ አቧራ ከዘይት ጋር ተቦክቶ ደፍኗታል። በቆላው ሙቀት ውስጡ ያለው አየር ሲሰፋ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በኦይል ሲሉ ይገፋው ኖሯል። በዚህ አገር መተንፈሻ ሳያዩ ኦይል ሲል መቀየር ገንዘብ መበተን ነው። ሽንኩርት ልንጭን የጎሊናን ውኃ በጎማ ስንሻገርም፣ የጋለው ዲፈረንሻል በድንገት ሲቀዘቅዝ ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ዘይቱ ወተት መስሎ ከተገኘ ይደፋ እንጂ ዲፈረንሻሉ ሙሉ አይጣል።

መጠገንን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። የተቦረቦረ የፍሬን ታምቡር ቶርኖ ይግባ፤ እስከ ስንት ሚሊ ሜትር ሊሰፋ እንደሚችል ብዙ ጊዜ እዚያው ብረቱ ላይ ተጽፏል፣ ካሊፐር ይዞ ማንበብ ነው። ካለፈ ይጣላል፣ ካላለፈ ይሠራል። ክርክር የለውም።

እኛ ባለመኪናዎችም ንጹሐን አይደለንም። ሊብሬው ላይ ከተጻፈው በላይ ጭነን አክስሉ ሲሰበር ብረቱን እንረግማለን። ዓመታዊ ቦሎ ስለተለጠፈም ሁሉ ደህና ይመስለናል፤ ለቦሎ ዲፈረንሻል የሚከፍት ማን አለ?

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ዘይቱን ስትቀዱ ባለመኪናው ባለበት ነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሱት፣ ብናኙን በማግኔት ለቅማችሁ አሳዩት። የኮሮናና የፒኞኑን ክፍተት ስትፈቱም ስትገጥሙም ለኩ፤ ሁለቱን ቁጥር በደረሰኙ ጀርባ ጻፉለት። የወጣውን አሮጌ ዕቃ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋችሁ መልሱለት። ክፍተቱ የሚለካው በሚሊ ሜትር አሥረኛ ነው፤ በጣት ወዝወዝ አድርጎ «ደህና ነው» ማለት አይበቃውም፣ ዳያል ጌጅ ይፈልጋል። የሌላችሁ ተዋጥታችሁ ለጋራ አንድ ግዙ፤ ዋጋው ከአንድ ኮሮና አይደርስም፣ እኛም ባለመኪናዎቹ እናዋጣለን። ማን ጋራዥ እንደሚቀመጥ እናንተው ተስማሙ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቆቦ አይሱዙ ባለንብረትና አሽከርካሪ